ጄምስ ኧርል ጆንስና ዝምታው

ስለ ጄምስ ኧርል ጆንስ የሚወራው ሁሉ ከድምፁ ተነሥቶ እዚያው ድምፁ ላይ ያልቃል። የዳርዝ ቬደር ድምፅ፣ የአንበሳው የሙፋሳ ድምፅ፣ የሲ ኤን ኤንን ስም የሚጠራው ድምፅ! ሰውየው ሴፕቴምበር 9 ቀን 2024 (በዚህ ጽሑፍ ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በ93 ዓመቱ ሲያርፍ የተለቀሰለትም ይኸው ድምፁ ነው። በግቢያችንም ተውኔት ወዳድ ነን ከሚሉት መካከል ከዚህ ያለፈ ነገር የተናገረ አልሰማንም። እኛ ግን እንጠይቃለን፤ ከሃምሳ ዓመት በላይ በመድረክ፣ በቴሌቪዥንና በፊልም የደከመን ተዋናይ ጉሮሮውን ብቻ ቆርጦ ይዞ ሌላውን መጣል ምን የሚሉት ማክበር ነው?

ነገሩ የሩቅ አገር ሰው ነገር ብቻ መስሎ እንዳይታይ። በተማሪው መድረክ ንጉሥ ሆኖ የሚወጣ ሁሉ ድምፁን ከሆዱ እየጎተተ ያጓራል፤ አባት ሆኖ የወጣም ያጓራል፤ ያጓራ ሁሉ ይጨበጨብለታል። «ወፍራም ድምፅ አለው» ማለት «ተዋናይ ነው» ማለት ሆኗል። የዚህ ሁሉ አብነት ተደርጎ የሚጠራው ደግሞ ጆንስ ነው። እንግዲህ አብነቱን ጠጋ ብለን እንየው።

ጆንስ በ1931 በሚሲሲፒ ግዛት አርካባትላ በምትባል ትንሽ ስፍራ ተወለደ። አባቱ ቤቱን ጥሎ ስለ ሄደ ያሳደጉት የእናቱ ወላጆች ናቸው። አምስት ዓመት ግድም ሲሆነው ቤተሰቡ ወደ ሰሜን፣ ወደ ሚሺጋን እርሻ ተዛወረ። ልጁም ክፉኛ መንተባተብ ጀመረ። ከዚያ ስምንት ዓመት ያህል ከቤተሰቡና ከእርሻው ከብቶች በቀር ከማንም ጋር የማይነጋገር፣ ዲዳ ሊባል ጥቂት የቀረው ልጅ ሆነ። ሁለተኛ ደረጃ ሲደርስ ዶናልድ ክራውች የሚባሉ የእንግሊዝኛ መምህር ልጁ በስውር ግጥም እንደሚጽፍ ደረሱበት። አንዱን ግጥም አንሥተው፣ የራሱ ሥራ መሆኑን በክፍሉ ፊት በቃሉ ብሎ እንዲያስረዳ ጠየቁት። ቆሞ አለው፤ አልተንተባተበም።

ይህ ታሪክ ሲተረክ ሁልጊዜ እንደ ተአምር ነው። ጠበል የተጠመቀ ይመስል፣ በአንዲት ቀን አንደበቱ ተፈታ ይሉናል። እሱ ራሱ ግን እንዲህ አላለም። ተብታባነቱ ዕድሜውን ሙሉ አብሮት እንደ ኖረ፣ ቃላቱን እየመረጠ እንደሚናገር ደጋግሞ ተናግሯል። በ1993 ያሳተመውም የሕይወት ታሪኩ «ድምፆችና ጸጥታዎች» የሚል ስም ያለው ነው። አንባቢ ሆይ፣ ሁለተኛይቱን ቃል ልብ በላት። ተብታባ ሰው ቃል ከአፉ ከመውጣቷ በፊት መንገዷን ያያል፤ መንገዱ ከተዘጋ ይቆማል፤ ይጠብቃል። ጆንስ ያን መቆም ከመድረክ አላባረረውም። ሥራው አደረገው እንጂ። የኛ ክርክር ይኸው ነው።

የመጀመሪያ ምስክራችን ሼክስፒር ሳይሆን የሕፃናት የቴሌቪዥን ዝግጅት ነው። በ1969 «ሰሰሚ ስትሪት» ሲጀመር አዘጋጆቹ ጆንስን ፊደል እንዲያስቆጥር ጠሩት። ራሱን ተላጭቶ፣ ካሜራውን ትክ ብሎ እያየ፣ ሃያ ስድስቱን የእንግሊዝኛ ፊደላት አንድ በአንድ ይጠራል። ሌላ ምንም የለም። ፊደሉ በጎኑ ብቅ ይላል፤ እሱ ዝም ይላል፤ ይጠብቃል፤ ከዚያ ይጠራል። ዝግጅቱን የሚያጠኑት ሰዎች ሕፃናቱ እንዴት እንደሚመለከቱት ተከታተሉ። በመጀመሪያ ሕፃኑ ጆንስን ተከትሎ ይላል። በድጋሚ ሲታይ ፊደሉ ብቅ እንዳለ አብሮት ይላል። በኋላ ግን ጆንስ አፉን ሳይከፍት ሕፃኑ ይቀድመዋል። ለዚህም ነገር የተዋናዩን ስም ሰጡት። የቄስ ትምህርት ቤት ለደረሰ ሰው ነገሩ አዲስ አይደለም፤ የኔታ እንጨታቸውን ፊደሉ ላይ አሳርፈው ዝም የሚሉት ለምን ሆነና! ታዲያ ሕፃኑን ያስተማረው የቱ ነው? ድምፁ ነው ወይስ ከድምፁ በፊት የነበረው ባዶ ቦታ?

ወደ መድረኩ እንመለስ። ሕክምና ሊማር ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የገባው ልጅ ወደ ድራማ ዞረ፤ ወታደር ሆነ፤ ከዚያም ኒው ዮርክ ገብቶ አባቱን እንደ ትልቅ ሰው አገኘው። አባትየው ሮበርት ኧርል ጆንስ ቡጢ ተጋጣሚ የነበረ፣ በኋላም ተዋናይ የሆነ ሰው ነው፤ በ1950ዎቹ በግራ ዘመምነት ተጠርጥረው ሥራ ከተከለከሉት አንዱ ነበር። አባትና ልጅ የሰው ወለል እየወለወሉ ኖሩ። ልጁ በ1961 በዣን ዠኔ «ጥቁሮቹ» ውስጥ ተጫወተ። በዚያ መድረክ ላይ ሲስሊ ታይሰን፣ ሉዊስ ጎሴትና ማያ አንጄሉ ነበሩ። አንድ የተውኔት ጓድ እንዲህ ያለ ስብስብ ዳግመኛ ያገኛል ብለን አንገምትም። በዚያው ዘመን ጆሴፍ ፓፕ ሼክስፒርን በሴንትራል ፓርክ ለሕዝብ በነፃ ያሳይ ነበርና ጆንስ የዚያ ቤት ሰው ሆነ። በ1964 ኦቴሎን ተጫወተ።

ስለ ኦቴሎ አንድ ነገር። እኛ ኦቴሎን ያወቅነው በጸጋዬ ገብረ መድኅን አማርኛ ነው። በኛ መድረክ ደግሞ ኦቴሎም፣ ያጎም፣ ዴዝዴሞናም መልካቸው አንድ ነው። ስለዚህ ተውኔቱን የቅናት ተውኔት አድርገን አንብበነዋል። ጆንስ በቆመበት መድረክ ግን የሰውየው ቆዳ ከቃሉ ቀድሞ ይናገራል። ያ ዓመት በአሜሪካ የዜጎች መብት ሕግ የወጣበት ዓመት ነው። ጆንስ በ1982 ብሮድዌይ ላይ ከክሪስቶፈር ፕለመር ጋር ኦቴሎን እንደገና ሲጫወት፣ ከተቺዎቹ ብዙዎቹ ምስጋናውን ያጎን ለተጫወተው ለፕለመር አደሉ፤ ጆንስ የተቆጠበ ሆኖ ታያቸው። እነሱ ሲያጓራ ሊሰሙ ነበር የመጡት። እሱ ቆጠበ። ይህን ጥፋት ነው ብለን ለመፍረድ አንቸኩልም።

ቴሌቪዥን እስከዚያ ድረስ ምን ሰጠው? በ1966 በቀን በሚታይ ተከታታይ ድራማ ውስጥ የሐኪም ቦታ። እንዲህ ባለ ድራማ ቋሚ ቦታ ካገኙት የመጀመሪያዎቹ ጥቁር ተዋንያን አንዱ ነውና ታሪክ ነው፤ እንመዘግባለን። ግን ቴሌቪዥን ጥቁርን ሰው በበሩ ሲያስገባ ነጭ ጋዋን አልብሶ መሆኑንም እንመዘግባለን። ጨዋ፣ የተማረ፣ ማንንም የማያስደነግጥ ሰው!

የሚያስደነግጠው ሰው የመጣው ከመድረክ ነው። የሃዋርድ ሳክለር «የነጮች ታላቅ ተስፋ» በ1967 በዋሽንግተን፣ በ1968 በብሮድዌይ ታየ። ጆንስ በ1969 የቶኒ ሽልማት ያገኘበት ሥራ ነው። በ1970 ፊልም ሆነና ለኦስካር ታጨበት። እኛ ያየነውም ፊልሙን ነው። ዋናው ገጸ ባሕርይ ጃክ ጀፈርሰን፣ በ1908 የከባድ ሚዛን የዓለም ሻምፒዮና በሆነው ጥቁር ቡጢኛ በጃክ ጆንሰን አምሳል የተቀረጸ ነው። ሰውየው ያሸነፈው ነጭን ነው፤ የሚወዳትም ሴት ነጭ ናት። ለዚህ ሁለት ጥፋቱ ሕግ ተፈልጎ ይከሰሳል፤ ከአገር ይሸሻል። እውነተኛው ጆንሰን በ1915 ሃቫና ላይ ዘውዱን ተቀምቷል፤ ከተፈረደበት ክስ ምሕረት ያገኘው ሞቶ፣ በ2018 ነው።

በዚህ ሥራ ውስጥ አንድ ትዕይንት አለ። በአውሮፓ የሚቧቀሰው ያጣው ሻምፒዮን ቡዳፔስት ውስጥ በአንድ የምሽት ቤት «የአጎቴ ቶም ጎጆ»ን እንዲጫወት ይደረጋል። ክንደ ብርቱው ሰው ጎብጦ፣ ሽማግሌ ባሪያ ሆኖ፣ ፈረንጅ ሊያዝናና ይወጣል፤ ተመልካቹም አልወደደውም፤ ይጮኽበታል። እዚህ ላይ ጆንስ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ይጫወታል። አንደኛው ትወና የማይችለውን ቡጢኛ ነው፤ መጥፎ ተዋናይን ጥሩ አድርጎ መጫወት ደግሞ ቀላል አይደለም። ሁለተኛው ግን ይህን ቦታ ሊቀበል የተገደደውን ጥቁር ተዋናይ፣ ማለት የራሱን ሙያ አባቶች ነው። ፊልሙን ያያችሁ ፈገግታውንም ተመልከቱ። ለነጭ ጋዜጠኞች መልስ ከመስጠቱ በፊት በፊቱ ሙሉ ይስቃል። ሳቁ መልሱን ይቀድመዋል፤ በመካከላቸው ባለችው ቅጽበት ሰውየው ሲያስብ፣ ሲመዝን ይታያል። ያቺን ቅጽበት ጆንስ ከየት አመጣት? ከሚሺጋኑ ልጅ ነው እንጂ ከየትም አይደለም። ጄን አሌክሳንደር በፍቅረኛዋ ቦታ አብራው ባትቆም ኖሮ ግን ፊልሙ የአንድ ሰው ጩኸት ሆኖ ይቀር ነበር። ለዳይሬክተሩ ማርቲን ሪት ይህን ያህል ምስጋና የምንሰጥ አይመስለንም፤ መድረኩ በየቦታው በካሜራው ሥር ይታያል።

«ንጉሥ ሊር» በ1973 በዚያው በፓርኩ መድረክ ቀርቦ በ1974 በቴሌቪዥን ታይቷል። ጆንስ የአርባ ሁለት ዓመት ጎልማሳ ሳለ ከሰማንያ ያለፈ ሽማግሌ ይጫወታል። መጀመሪያው አካባቢ ቅር ያሰኘናል፤ ለመጨረሻው ረድፍ ተመዝኖ የወጣ ድምፅ አፍንጫው ሥር ላለ ካሜራ ይበዛልና። ማጓራት የሚወዱ ወንድሞቻችን እስከዚህ ድረስ ብቻ ሳያዩት አይቀሩም! ሽማግሌው ከዕብደቱ ነቅቶ ኮርዴሊያን ለመለየት ሲሞክር ግን ሌላ ሰው እናያለን። ቃል ይፈልጋል፤ ያገኛትን ቃል ይጠራጠራታል፤ ይተዋታል። ያን ጊዜ ካሜራው መቅረቡ ትክክል ሆነ።

አሁን ወደ አስቸጋሪው ነገር እንግባ። በ1978 መባቻ ጆንስ በብሮድዌይ ላይ ብቻውን ሆኖ «ፖል ሮብሰን» የተባለውን የፊሊፕ ሄይስ ዲን ተውኔት ተጫወተ። ሮብሰን በ1943 ብሮድዌይ ላይ ኦቴሎን የተጫወተ፣ ዘፋኝ፣ ታጋይ፣ በፖለቲካ አቋሙ ምክንያት መንግሥት ፓስፖርቱን ከ1950 እስከ 1958 የነጠቀው ሰው ነው። በ1976 ነበር ያረፈው። ተውኔቱ መታየት ሲጀምር ልጁና ከሃምሳ የሚበልጡ ጥቁር የጥበብና የሕዝብ ሰዎች፣ ጄምስ ቦልድዊን ሳይቀር፣ ሮብሰን አንሷል፣ ለስልሷል ሲሉ የተቃውሞ መግለጫ በጋዜጣ አወጡ። ጆንስና ባልደረቦቹም ይህ ሳንሱር ነው አሉ።

የማን ወገን እንሁን? በ1979 ለቴሌቪዥን የተቀረጸውን አይተናል። ጽሑፉ ሮብሰንን ጣፋጭ ተራኪ አድርጎታል፤ ስለ ትግሉ ያወራል፣ ትግሉ ግን አይታይም። በዚህ ተቃዋሚዎቹ እውነት አላቸው እንላለን። ተዋናዩስ? ለኛ እንደሚመስለን ጆንስን በዕድሜው አንዴ ድምፁ የከዳው እዚህ ላይ ነው፤ ከማማሩ የተነሣ። መራራው ነገር ሁሉ በዚያ ጉሮሮ ሲያልፍ ማር ማር ይላል። ተመልካቹ ሊቆጣ ሲገባው ይደሰታል። ዝምታ የሌለበት ሥራ ነው፤ ብቻውን የቆመ ተዋናይ ማንን ይጠብቅ? በአንጻሩ በደቡብ አፍሪካዊው በአቶል ፉጋርድ ተውኔቶች ውስጥ፣ በተለይም በ1970 ከሩቢ ዲ ጋር በተጫወተው «ቡስማንና ሌና»፣ ብዙ የሚናገረው ቡስማን ሳይሆን ሚስቲቱ ሌና ናት። የጆንስ ድርሻ መስማት፣ ማኩረፍና መጥመድ ነው። እንዲህ ያለ ቦታ ሲያገኝ ምን እንደሚሆን መገመት አይከብድም።

ከዚያ በፊት በ1977 «የከዋክብት ጦርነት» መጥቷል። ጆንስ ለጥቂት ሰዓት ሥራ ሰባት ሺህ ዶላር ተከፈለው፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ፊልሞች ስሙ እንዳይጻፍም ራሱ ፈቀደ። የዳርዝ ቬደር ሰውነት እንግሊዛዊው ክብደት አንሺ ዴቪድ ፕራውስ ነው። በ1983 ጭምብሉ ሲነሣ የታየው ፊት ደግሞ የሌላ ነጭ እንግሊዛዊ ነው። ዓለም በሙሉ በጥቁር ሰው ድምፅ ተርበደበደ፤ ጥቁር ሰው ግን አላየም። በቃላቱ መካከል የሚሰማው ያ የታወቀ ትንፋሽ እንኳ የጆንስ አይደለም፤ የድምፅ ባለሙያው ከጠላቂ ዋናተኛ የመተንፈሻ መሣሪያ የቀዳው ነው። ልብ በሉ፣ ዝምታው በማሽን ተሞላ።

ቴሌቪዥን በኋላም በተራው ብዙ ቦታ ሰጥቶታል። በ1979 በ«ሩትስ» ተከታይ ክፍል አሌክስ ሄሊን ሆነ፤ በዚያው ዓመት የፖሊስ መኮንን የሆነበት «ፓሪስ» ከ13 ክፍል አላለፈም። «የገብርኤል እሳት» ግን ጥሩ ነበር። ጓደኛውን ፖሊስ ገድሎ ሃያ ዓመት የታሰረ፣ ከእስር ወጥቶ ከተማው የጠፋበት ሰው ታሪክ ነው፤ ለዝምታ የተሠራ ቦታ ማለት ነው። በ1991 በዚህና «ሂት ዌቭ» በተባለው የቴሌቪዥን ፊልም ሁለት የኤሚ ሽልማት በአንድ ዓመት ወሰደ። የቴሌቪዥኑ ጌቶች ምን አደረጉ? በሸለሙት ወቅት ድራማውን አስቂኝ አድርገው፣ ስሙን ቀይረው አቀረቡት፤ ከዓመት አላለፈም። ሽልማትና ጅልነት በአንድ ገበታ!

ስለ «አጥር» ብዙ ማለት ይቻል ነበር። የኦገስት ዊልሰን ተውኔት በ1985 በዬል፣ በ1987 በብሮድዌይ ቀርቦ ጆንስን ሁለተኛውን ቶኒ አስገኝቶለታል። ትሮይ ማክሰን በፒትስበርግ ቆሻሻ የሚያነሣ፣ በወጣትነቱ ቤዝቦል ተጫዋች የነበረ፣ በቆዳው ምክንያት ትልቁ ሜዳ የተዘጋበት አባት ነው። ልጁ ለምን እንደማይወደው ይጠይቀዋል። ከዚህ ትዕይንት ተቀርጻ የቀረችን አጭር ቁራጭ አይተናል፤ እያንዳንዱ ተማሪ ተዋናይ አሥር ጊዜ ቢያያት ደስ ይለናል። አባት ልጁን በየቀኑ መብላቱን፣ ጣሪያ ሥር ማደሩን ይጠይቃል፤ ልጁ በአክብሮት አዎ እስኪል ይጠብቃል። ዝምታው እዚህ ዱላ ሆኗል። ድምፁን ከፍ የሚያደርገው ጥቂት ቦታ ላይ ብቻ ነው፤ ልጁን የሚያንቀጠቅጠው ግን ጥበቃው ነው። የትሮይ ግፍም፣ ፍቅሩም እዚያው ውስጥ አለ፤ የቱ የቱ እንደ ሆነ መለየት ያቅታል፤ ልጁም አልለየውም።

በ2022 ጆንስ የዳርዝ ቬደርን ድምፅ በኮምፒውተር እንዲሠሩበት ፈቀደ። ሬስፒቸር የተባለ የዩክሬን ኩባንያ ከድሮ ቅጂዎች ተነሥቶ ለአንድ ተከታታይ ፊልም ድምፁን አበጀ። በ2025፣ ሰውየው ከሞተ በኋላ፣ ይኸው ድምፅ «ፎርትናይት» በተባለ የኮምፒውተር ጨዋታ ውስጥ ገብቶ ከተጫዋቾች ጋር ማውራት ጀመረ፤ ተጫዋቾቹም ወዲያው ስድብ አናገሩት። የተዋንያኑ ማኅበር ሳያማክሩን የሰው ሥራ በማሽን ተኩ ብሎ ለአገሪቱ የሠራተኞች ጉዳይ ቦርድ ክስ አቀረበ። ጆንስ የፈረመው በፈቃዱ ነው፤ ድምፁ የራሱ ነውና ማንም ሊቆጣው አይችልም። የማኅበሩ ክስ ግን የሚመለከተው በሕይወት ያሉትን ተዋንያን ነው፤ ነገ በዚህ ሙያ እንጀራ ልንበላ የምናስብ ካለንም እኛን ይመለከታል። ድምፅ ብቻ ነው የምንለውን ሰው ድምፁን ብቻ ወስደው አሠሩት። ማሽኑ ያን ድምፅ አሳምሮ ያወጣል፤ ቃሉ እንቢ ይለኝ ይሆን ብሎ ግን አይፈራም።

ጆንስ ራሱ ወደ መድረክ መመለስ አልተወም። በ2008 ሁሉም ተዋንያን ጥቁር በሆኑበት በቴነሲ ዊልያምስ ተውኔት ውስጥ የባለጸጋውን አባት ቦታ ያዘ፤ በ2010 ከቫኔሳ ሬድግሬቭ ጋር ቆመ። በ2015፣ በሰማንያ አራት ዓመቱ፣ ከሲስሊ ታይሰን ጋር «ዘ ጂን ጌም»ን ተጫወተ። በ1961 «ጥቁሮቹ» ውስጥ አብረውት ከነበሩት አንዷ ናት፤ ያን ጊዜ ዘጠና አልፏታል። ተውኔቱ ሁለት ሰው ብቻ ነው ያለው። በሽማግሌዎች መጦሪያ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ካርታ ይጫወታሉ። እሱ ካርታውን ያድላል፣ እሷ ታሸንፋለች፤ እሱ እጁ ያለውን ካርታ እያየ ዝም ይላል፣ እሷ ትጠብቀዋለች።